ሁለት ጊኒ ፒግ በስንት ካሬ?

በዚህ ቡለቲን ስለ ፍቅር፣ ስለ ዶርም ኑሮ፣ ስለ ካፌው ሽሮ ብዙ ተጽፏል። የእኔ ጽሑፍ ደግሞ ስለ ጊኒ ፒግ ቤት ነው። አዎ፣ ስለ ጊኒ ፒግ ቤት። ገጹን ልትገልጡት ያሰባችሁ ካላችሁ አልቀየማችሁም። ሆኖም ይህ ነገር እኛ ቤት ከኳስም ከፖለቲካም በላይ ያከራከረ ጉዳይ ነው። ጋዜጠኛ ለመሆን የሚማር ሰው ደግሞ ደጁ ላይ ያለውን ወሬ ትቶ ሩቅ መሄድ የለበትም እየተባልን ነው የምንማረው። ስለዚህ ጻፍኩት።

በመጀመሪያ እንስሳውን ላስተዋውቃችሁ። ጊኒ ፒግ ጭራ የሌለው፣ እግሩ አጭር፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ አድጎ ሲጨርስ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን የአይጥ ወገን ነው። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጥንቸል ነው አይጥ?» የሚል ነው። ስሙ ሁለት ጊዜ ይዋሻል፤ ከጊኒ አልመጣም፣ አሳማም አይደለም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች አካባቢ ነው፤ እነ ፔሩ፣ እነ ቦሊቪያ። እዚያ ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምረው ሲያረቡት ኖረዋል፣ ያውም ለመብል።

በአማርኛ «የጊኒ አሳማ» ይባላል። ይህ ስም ግን የእኛን ቤት ደፍ አላለፈም። አያቴ «አሳማ» የሚለውን ቃል እንደሰማች «ከቤቴ ይውጣልኝ!» አለች። ፊት ለፊታችን ያሉት ሐጂያም እንዲሁ። በብዙ ነገር የሚለያዩት ሁለት አሮጊቶች በዚህ አንድ ጉዳይ ፍጹም ተስማሙ። ታናሽ ወንድሜ ነገሩን ሲያይ እንደ ፈረስ በቀለማቸው ስም አወጣላቸው፤ አንዱ ቡላ፣ ሌላው ዳማ። ከዚያ ወዲህ አሳማ የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም።

አመጣጣቸው እንዲህ ነው። አክስቴ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ትሠራ ነበር። ባለፈው ክረምት ቤተሰቡ አገር ለቆ ሲሄድ ትንሿ ልጃቸው እያለቀሰች ሁለቱን እንስሳት ከነቤታቸው ለአክስቴ ሰጠቻት። አክስቴ የምትኖረው አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። በማግስቱ ታክሲ ይዛ እኛ ቤት መጣች። እናቴ «ሁለት ቀን ብቻ» አለች። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሆነ። በኋላ ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረች፦ «እስከ ገና ደህና ቦታ ካበጃችሁላቸው ይቀመጡ፤ ካልሆነ ለሚፈልግ ሰው ይሰጣሉ።»

ይህ ለእኔ ቀላል ሊሆን ይችላል። ለወንድሜ ግን ቀላል አልነበረም። ወንድሜ 11 ዓመቱ ነው። ፒያሳ አካባቢ የነበረው ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ለልማት ሲፈርስ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገባን። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ያ ወሬኛ ልጅ ዝም አለ። «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስትሉት «ደህና»፣ «ምሳ በላህ?» ስትሉት «እህ»። ቡላና ዳማ ከመጡ በኋላ ግን ማታ ማታ መሬት ላይ ተኝቶ ሲያወራላቸው እሰማው ጀመር። ምን እንደሚላቸው አልጽፍም፤ የሱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ደህና ቦታ» ምንድን ነው የሚለው ሆነ። ከነሱ ጋር የመጣው ቤት ከውጭ የተገዛ፣ ከታች ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ከላይ ነጭ ሽቦ ያለው፣ ሲታይ የሚያምር ነገር ነው። የእናቴን የልብስ ስፌት ሜትር አምጥቼ ለካሁት። ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 40 ነው። ሲባዛ 0.28 ካሬ ሜትር ይመጣል። በአሜሪካ ያሉ የእንስሳት ደህንነት ድርጅቶች ለሁለት ጊኒ ፒግ የሚመክሩት ትንሹ ስፋት ወደ 0.7 ካሬ ሜትር ነው፤ ቢቻል ደግሞ ወደ አንድ ካሬ ይጠጋ ይላሉ። በሌላ አነጋገር ያ የሚያምር ቤት ከትንሹ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ዋጋው ውድ ነው፣ ማሸጊያው ላይ ደግሞ የደስተኛ ጊኒ ፒግ ሥዕል አለበት። ማስታወቂያና እውነታ እንደማይገጥሙ በክፍል የተማርነውን እዚያ ካርቶን ላይ አየሁት።

«ይህን የምታክል እንስሳ አንድ ካሬ ምን ታደርግበታለች?» የሚለው የእናቴ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ሁለቱን ሳሎን መሬት ላይ ለቀን ያየናቸው ቀን ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ወፍ ወደ ላይ የሚኖር እንስሳ አይደለም፤ አይወጣም፣ እንደ ድመት አይዘልም። ኑሮው መሬት ላይ ነው፤ መሮጥ፣ መደበቅ፣ እንደገና መሮጥ። ቡላ ግድግዳውን ተጠግቶ ሲሮጥ ዳማ ከኋላው ይከተላል፣ ሶፋው ጥግ ሲደርሱ ይዞራሉ፣ ደስ ሲላቸው ደግሞ በቆሙበት እንደ ፈንዲሻ ብድግ ይላሉ። ስለዚህ ለነሱ ከፍታ ዋጋ የለውም። ሁለት ፎቅ ሠርቶ «ሰፊ ነው» ማለት አይቻልም፤ የሚቆጠረው የወለሉ ስፋት ነው። በዚያ ሰማያዊ ፕላስቲክ ውስጥ ግን ሦስት እርምጃ ሄዶ መዞር ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ለእኛም ቤት ሲሰጠን በካሬ ተለክቶ ነው የተሰጠን። ባለ አንድ መኝታ፣ 28 ካሬ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ከድሮው በብዙ ነገር ይሻላል። ድሮ ሽንት ቤቱን የምንጋራው ከስድስት ቤተሰብ ጋር ነበር፤ አሁን የራሳችን ነው፣ ውኃ ሲመጣ ደግሞ ከቧንቧችን ይወርዳል። ግን ካርታው ላይ ካሬው አለ እንጂ የወንድሜ ብይ ተጫዋቾች የሉም። አንዱ በአንዱ ሳይት፣ ሌላው በሌላው ሳይት ተበትነዋል። ስለ ጊኒ ፒግ ሳነብ ከስፋት እኩል፣ እንዲያውም ከስፋት በላይ የሚነሳው ነገር ጓደኛ መሆኑን ሳይ ለዚህ ነው ቆም ያልኩት። ጊኒ ፒግ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሥራ ላይ ባዋለችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ፣ እንደ ጊኒ ፒግ ያሉ በማኅበር የሚኖሩ እንስሳት ከዘመዳቸው ጋር እንጂ ለብቻቸው እንዳይቀመጡ ደንግጋለች። ለእናቴ ይህን ባነበብኩላት ጊዜ «እነሱ አገር ለአይጥም ሕግ አለ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ዝም አለች። ከዚያ ቀን በኋላ «አንዱን እንስጥና አንዱ ይቅር» የሚለው ሐሳብ አልተነሳም።

ቀጥሎ የመጣው «የት?» ነው። 28 ካሬ ውስጥ አራት ሰው ይኖራል። አንድ ካሬ ለእንስሳ ስትሰጡ ከአንድ ሰው ላይ እየወሰዳችሁ ነው። እስቲ ቤቱን ዙሩት ከእኔ ጋር።

በረንዳው የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር። አየር አለው፣ ሽታ አይረብሽም። ግን የእኛ በረንዳ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቀጥታ ትጋረፋለች። ለጊኒ ፒግ የሚስማማው ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ከብርዱ ይልቅ ሙቀቱ ቶሎ ይጎዳዋል። የአዲስ አበባ አየር በጥቅሉ ይስማማቸዋል፣ እነሱም እንደኛ የደጋ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም በረንዳ ላይ ቀን በፀሐይ መጠበስ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ በብርድ መንቀጥቀጥ አለ። የሰፈሩ ድመቶች ከበረንዳ በረንዳ እንደሚዘሉም እናውቃለን። ከሁሉ በላይ ግን በረንዳው የእናቴ ነው፤ ልብስ የሚሰጣው፣ በርበሬ የሚደርቀው እዚያ ነው።

ኩሽናው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ነው። ምጣዱ ሲጣድ፣ ሽንኩርቱና በርበሬው ሲቁላላ እኛ እንኳን እናስላለን። የጊኒ ፒግ ሳንባ ደግሞ ለጭስና ለአቧራ በጣም ስስ ነው፤ ከሚገድሏቸው በሽታዎች አንዱ የሳንባ ምች ነው። ይህን ስናገር አያቴ ከተቀመጠችበት ሆና «አንቺ ልጅ፣ የአገራቸው ሰዎች ኩሽና ውስጥ ነው የሚያረቧቸው አላልሽም? እዚያ ጭስ የለም?» ብላ ያዘችኝ። እውነቷን ነው፤ በአንዲስ ገበሬዎች ቤት ጊኒ ፒግ ኩሽና ወለል ላይ እየተሯሯጠ ነው የሚኖረው። መልሴ «እነሱ እኮ ሳንባቸው ሳይታመም ነው የሚበሏቸው» የሚል ነበር። አያቴ አልረካችም። እኔም እንደ ጋዜጠኛ ካሰብኩት ጥያቄዋ ከመልሴ ይበልጣል።

መታጠቢያ ቤቱ እርጥብ ነው፤ እሱን ተውት። መኝታ ቤቱ የእናቴና የአያቴ ነው። አያቴ ሌሊት ለጸሎት ትነሳለችና «ከአይጥ ጋር አልጸልይም» ያለችው ነገር ይግባኝ የለውም።

ሳሎኑ ቀረ። እኔ ሶፋ ላይ፣ ወንድሜ በአንዲት የብረት አልጋ ላይ የምንተኛው እዚያ ነው። ትልቁ ችግር ግን መተኛታችን አልነበረም፣ ቡና ነው። እናቴ በቀን ሁለት ጊዜ ታፈላለች፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ለሰው ደስ የሚለው ሽታ ወለል ላይ ለሚኖር፣ አፍንጫው ከመሬት አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ላላለ እንስሳ ሌላ ነገር ነው። እናቴን «ዕጣን ተይ» ማለት ደግሞ... እናቶቻችሁን ታውቋቸዋላችሁ።

ቦታውን ያገኘው ወንድሜ ነው። እራት እየበላን ሳለ ድንገት ቀና ብሎ «ከአልጋዬ ስር» አለ። ሁላችንም ዞር ብለን አልጋዋን አየናት። እውነት ነው፣ ያ ቦታ የማንም አልነበረም፤ ሁለት ሻንጣና የተሰበረ ጃንጥላ ብቻ ነበር። ስፋቱ ግን ከሰው አልጋ እኩል ነው። ከማንም አንድ ካሬ ሳይወሰድ!

አልጋዋ ዝቅተኛ ስለሆነች ወደ ብየዳ ቤት ወሰድናትና አራቱም እግሮቿ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ብረት አስቀጠልንባት። ወንድሜ አሁን ለመውጣት በርጩማ ይጠቀማል፣ እንደ አውሮፕላን ነው የሚያየው። ከስሯ 160 በ80 የሚሆን ሣጥን ይገባል። 1.28 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ ከድሮው ቤታቸው አራት እጥፍ ተኩል ገደማ።

ሣጥኑን ለመሥራት ምናለሽ ተራ ወርጄ ያገለገለ ኮምፔንሳቶ፣ ጥቂት ጣውላና አራት ትንንሽ ጎማ ገዛሁ። ምናለሽ ተራን ለማታውቁ፣ መርካቶ ውስጥ ያለቀ የሚመስል ዕቃ ሁሉ እንደገና የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ለፊቸር ጽሑፍ ርዕስ ላጣ ተማሪ አንድ ቀን ቢውልበት አይከስርም። ጎማው ያስፈለገው ሣጥኑ እንደ መሳቢያ ተስቦ እንዲወጣ ነው። አልጋ ስር ጨለማ ነው፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ እንስሳ ደግሞ ይረሳል። ጠዋት ወንድሜ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ግማሹን ወደ ብርሃን ይስበዋል፣ ማታ መልሶ ይገፋዋል። የሣጥኑ ዙሪያ ቁመት 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መዝለል ለማይችል እንስሳ ይበቃል። ለድመት ግን አይበቃምና ከላይ የሚነሳ የሽቦ ክዳን አለው።

አናጺው ሰፈራችን ያሉ ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ የዶሮ ቤት ብዙ ሠርተዋል። «ወለሉን ሽቦ አድርጊው እህቴ፣ ኩሱ ወደ ታች ይወርድልሻል፣ መጥረግ የለብሽም» አሉኝ። ሐሳቡ ለሰነፍ ገነት ነው። ግን የጊኒ ፒግ የውስጥ እግር ባዶ ቆዳ ነው፤ ሽቦ ላይ ሲኖር ይላጣል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። «ድፍን ይሁን ጋሼ» አልኳቸው። በላዩ ላይ የቤት ወለል የሚነጠፍበትን ፕላስቲክ አነጠፍንና ጠርዙን ወደ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር አጠፍነው፤ ሽንቱ እንጨቱን እንዳይነካ ነው። ሽንት የጠጣ ኮምፔንሳቶ አንድ ክረምት አይሻገርም፣ ሽታው ደግሞ ከእንስሳው ዕድሜ በላይ ይኖራል።

ስለ መኝታቸው ከጋሼ ጋር ሌላ ክርክር ነበረን። ሁለት ማዳበሪያ ሰጋቱራ በነጻ ሊሰጡኝ አዘጋጅተው ነበር።

«የምን እንጨት ነው ጋሼ?»

«የሁሉም ነው። ይሄኛው ግን ጥድ ነው፤ እስኪ አሽትችው!»

ሽታው እውነትም ደስ ይላል። ችግሩም እሱ ነው። ያን ሽታ የሚሰጡት ዘይቶች ለትንንሽ እንስሳት ሳንባ ደህና አይደሉም፤ ሽታው ጠንካራ የሆነ የእንጨት ፍቅፋቂ አታንጥፉ የሚባለው ለዚህ ነው። ከቺፕውድ የወጣው ሰጋቱራ ደግሞ ሙጫ አለበት። ጋሼ ቅር ብሏቸው «የሚሸት ሳጥን የሚገዛ ሰው ሞልቷል እኮ» አሉኝ። አመስግኜ ተውኩት። አሁን የምናነጥፈው ከታች ጋዜጣ፣ ከላይ የአያቴ አሮጌ ብርድ ልብስ ነው። በጋዜጠኝነት ተማሪ ቤት አሮጌ ጋዜጣ አይጠፋም። ቡላ ርዕሰ አንቀጽ ላይ መሽናት እንደሚወድ ታዝቤያለሁ፤ ዳማ ግን ስፖርት ገጹን ይመርጣል። ይህን ለአርታኢዎቻችን በትሕትና አሳውቃለሁ።

ሌላው አጭር ነው። አንድ ጥግ ላይ ሁልጊዜ ድርቆሽ አለ፤ ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ስለሚያድግ ሲያኝኩ ካልዋሉ አፋቸው ይበላሻል። ድርቆሹን ከከብት መኖ ሻጮች እንገዛለን። ጎመን በየቀኑ ይሰጣቸዋል፤ እንደ እኛ እንደ ሰዎቹ ቫይታሚን ሲ ሰውነታቸው አይሠራም። መደበቂያቸው ሁለት የፓስታ ካርቶን ነው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ፣ እያንዳንዱም ሁለት በር አለው። በሩ ሁለት የሆነው ሲጣሉ ተባራሪው በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲያመልጥ ነው። ሁለቱም ወንዶች ናቸውና አልፎ አልፎ ይጣላሉ። ወንድና ሴት ቢሆኑ ኖሮ ግን በሁለት ወር ገደማ ውስጥ አራስ ጥሪ ይደርሳችሁ ነበር።

ገና ሳይደርስ ሣጥኑ አለቀ። እናቴ መጥታ ዙሪያውን አየችው፣ በእጇ ዳበሰችው፣ ምንም አላለችም። በማግስቱ ከሰሉንና ረከቦቱን አንስታ በረንዳ ላይ አስቀመጠች። ቡና በረንዳ ላይ ማፍላት ማለት ንፋስ ሲነፍስ አመዱ ልብስ ላይ ይበናል፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጃንጥላ ይያዛል ማለት ነው። ማንም አልጠየቃትም። እኔም ምክንያቷን አልጠየቅኳትም፤ ቃለ መጠይቅ የማይደረግበት ጊዜ እንዳለ የሚያስተምር ኮርስ ግን ቢኖረን ደስ ይለኝ ነበር።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል እንዳትሉ። ጊኒ ፒግ ቀንም ሌሊትም ጥቂት ጥቂት እየተኛ ነው የሚኖረው። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ጎመን የመጣ መስሏቸው በፉጨት ቤቱን ይቀውጡታል። ለፈተና ሳጠና ብስኩት የምከፍተው ሽንት ቤት ገብቼ ነው። ድርቆሹም ሳሎኑን ሁሉ ይወርሰዋል። ወንድሜ በየማታው በጠጣቸውን ይጠርጋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርድ ልብሱ ይታጠባል፤ ውኃ በማይመጣበት ሳምንት ደግሞ ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ አልነግራችሁም። ጊኒ ፒግ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይኖራል። ወንድሜ ማትሪክ ሲወስድም እዚያው አልጋ ስር ሊኖሩ ይችላሉ።

ከአልጋው ስር ያለው ነገር ደግሞ ፎቁን ሁሉ ዞሯል። አንድ ሰው «ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይጥ ያረባሉ» ብሎ ለብሎካችን ኮሚቴ አመልክቷል። ማን እንደሆነ አልተነገረንም። ሐጂያ «እኔ አይደለሁም» ብለው ሳይጠየቁ መጥተው ነገሩን፤ አያቴም አመነቻቸው። ኮሚቴው የፊታችን እሁድ መጥቶ አይቶ ሊወስን ነው። ወንድሜ ከደብተሩ አንድ ሉክ ቀዶ ሊጠይቁት የሚችሉትን ጥያቄ ከነመልሱ ጽፏል፤ ሽታ አላቸው ወይ፣ ይናከሳሉ ወይ፣ ይባዛሉ ወይ፣ ያመልጣሉ ወይ። ትናንት ማታ አስነብቦኛል። «ድምፅህን ከፍ አድርገህ ነው የምትናገረው» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ።

እናቴ ኮሚቴውን በቡና ሰዓት እንዲመጡ ነግራቸዋለች። ቡናው በረንዳ ላይ ነው፣ በረንዳው ከሦስት ሰው በላይ አይዝም፤ ኮሚቴው አምስት ነው።